ልጄን ከፈረንሳይኛ ክፍል ላስወጣት ወይ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባች። ካውንስለሯ የውጭ ቋንቋ ያስፈልጋል ብላ ፈረንሳይኛ አንድ ውስጥ አስገባቻት። መምህሩ በእንግሊዝኛ አያስረዳም፤ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚያወራው። በመጀመሪያው ፈተና 61 አመጣች። እንግሊዝኛዋ ገና ሳይጠና ሦስተኛ ቋንቋ ተጨምሮ እንዳይምታታባት ፈራሁ። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። ድሬዳዋ ያደጉት እናቴ ጥቂት ጥቂት ያውቃሉ፣ ግን እሳቸው አገር ቤት ናቸው። ላስወጣት ወይስ ትቆይ?»

ትቆይ። ቢያንስ አሁን አያስወጧት።

61 ያስደነግጣል፣ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያ ፈተና 61 ማለት ልጅቷ ቋንቋ አይገባትም ማለት አይደለም። እኔ እዚሁ አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ ፈረንሳይኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ከክፍሌ አንድ ሁለት የሐበሻ ልጅ አይጠፋም። ችግራቸውን በጥቂት ሳምንት አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ነው። ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ በኩል አዙረው ነው የሚያስገቡት። ፈረንሳይኛ ቃል ይሰማሉ፤ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጡታል፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ በሆዳቸው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ቀረጥ መክፈል ማለት ነው። እንግሊዝኛዋ ገና ያልጠና ልጅ ደግሞ ቀረጡ ይከብዳታል።

ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚወስድ አቋራጭ አለ። መምህሯ አያውቀውም፣ አማርኛ ስለማይችል። መጽሐፉም አይነግራትም፣ ለአሜሪካ ልጅ ስለተጻፈ። እስቲ እኔ ላሳይዎት።

ከፊደል እንጀምር። ፈረንሳይኛ ውስጥ በየመስመሩ የሚመላለሱ ሁለት ወይም ሦስት ሆሄ ያላቸው ትንንሽ ቃላት አሉ። አሜሪካዊው ተማሪ ሲያያቸው «ሊ»፣ «ሚ»፣ «ዲ» ማለት ያምረዋል። መምህሩ ሃያ ጊዜ ያርመዋል። ልጅዎ ግን እነዚህን ድምፆች አንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እየተጠቆመላት ዘምራቸዋለች፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዠ፣ ደ። ስምንቱም የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። «ለ» ከወንዴ ስም ፊት የሚቆም ነው። «መ» እኔን፣ «ተ» አንተን ወይም አንቺን፣ «ዠ» ደግሞ እኔ ማለት ነው። ከንፈሯን ትንሽ ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀራት። የመጀመሪያው የፊደል ረድፍ፣ ግዕዙ፣ ግማሹን ሥራ ጨርሶላታል።

«ኝ»ም እንደዚሁ። ፈረንሳይ ተራራን «ሞንታኝ» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ እዚህ ላይ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ልጅዎ ግን «እኛ» ስትል ኖራለች። «ዥ»ም አለን። «ኤ»ም አለን፤ እንዲያውም አሜሪካዊው «ካፌ»ን «ካፌይ» እያለ ጭራ ሲቀጥልበት እኛ ቁርጥ አድርገን እንጠራዋለን። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ቤት» ስንል «ብዬት» የሚመስል ነገር ጣል እናደርጋለን። ያን ትተወው።

አሁን የሌለንን ልንገርዎት። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው «አንተ፣ አንቺ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ላይ ያለው ድምፅ ነው። በፊደላችን «ቱ» ብዬ ልጽፈው እችላለሁ፣ ግን ውሸት ነው። እስቲ አሁን አብረን እንሞክር። «ኢ» ይበሉ። ምላስዎን ከዚያው አያንቀሳቅሱት። ከንፈርዎን ብቻ እንደሚያፏጭ ሰው ያሹሉት። የወጣው እንግዳ ድምፅ፣ እሱ ነው። አባቶቻችን ይህን ድምፅ ሲሰሙ ወደ «ኢ» እንደሚጠጋ ጆሯቸው ነግሯቸዋል። ፈረንሳዩ የሥራ ጠረጴዛውንና ክፍሉን በዚህ ድምፅ ሲጠራ ሰምተው «ቢሮ» ብለው ነው የወሰዱት፣ «ቡሮ» አላሉም። ጎበዝ ጆሮ ነበራቸው። ልጅዎም ከ«ኡ» ሳይሆን ከ«ኢ» ትነሳ። ይህን ካላስተካከለች ጉድ ይመጣል፦ «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት በፊደላችን ሁለቱም «ደሱ» ተብለው ነው የሚጻፉት። ልዩነታቸው ይቺ ድምፅ ብቻ ናት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ ስትባል ከጠረጴዛው ሥር ትጨምረዋለች።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጣው ነው። «ቦንዡር» ብለን ስንጽፍ «ን» እናስገባለን፤ ፈረንሳዩ ግን እዚያ ላይ ምላሱ የላይኛውን ድድ አይነካም። ድምፁ በአፍም በአፍንጫም እየወጣ ያልፋል። ክፍል ውስጥ አፍንጫችሁን ያዙ እላቸዋለሁ። አፍንጫው ተይዞ ድምፁ ከተለወጠ ትክክል ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይስቃል። ለምን ይጠቅማል ካሉ፦ «ጥሩ» ለወንዴ ሲሆን በአፍንጫ የሚያልቅ «ቦን» ነው፣ ለሴቴ ሲሆን «ን»ዋ በግልጽ የምትሰማ «ቦን» ነው። ጾታው የሚታወቀው በአፍንጫ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የጉሮሮው «ር» ነው። ስለዚህኛው አይጨነቁ። ውኃ ጉሮሮ ላይ ይዞ እንደ መጉመጥመጥ ነው፤ ከ«ኸ» ተነስቶ ድምፅ መጨመር ይቻላል። ሳይመጣላት ቀርታ በምላሷ ብታሽከረክረውም ሰው ይሰማታል። በዕድሜ የገፉ የገጠር ፈረንሳዮችና የኬቤክ ሰዎች የሚያሽከረክሩ አሉ። ለ«ር» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ መምህር አላጋጠመኝም።

ታዲያ ፊደሉ ይጠቅማል ስል ልጅቷ ፈረንሳይኛውን ሁሉ በአማርኛ ፊደል ገልብጣ ታጥናው ማለቴ አይደለም። ይህን የምለው አንድ ተማሪ ስለነበረኝ ነው። ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ በእርሳስ ፊደል ይጽፍ ነበር። የቃል ፈተና ላይ ጎበዝ ነው። የጽሑፍ ፈተና ላይ ገደል። ምክንያቱም በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ የተጻፈው ግማሹ ዝም ይላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር ትጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ላጲስ።

ዝም የሚሉት ሆሄያት ነገር የልጅዎን 61 ሳይነካው የቀረ አይመስለኝም። «መናገር» የሚለውን ግስ ይውሰዱ። «እኔ እናገራለሁ» ላይ ግሱ «ፓርል» ነው። «አንቺ ትናገሪያለሽ» ላይም «ፓርል»። «እሱ ይናገራል» ላይም «ፓርል»። «እነሱ ይናገራሉ» ላይም «ፓርል»። ለጆሮ አንድ፣ ለዓይን ሦስት ዓይነት። የአንቺው መጨረሻ ላይ ኤስ ይጨመራል፣ የእነሱ መጨረሻ ላይ ኢ-ኤን-ቲ። አንዳቸውም አይሰሙም። ልጅዎ ከአማርኛ የመጣች ናትና የሰማችውን ትጽፋለች። ሦስቱን ሆሄ ያየች ቀን ደግሞ «ፓርለንት» ብላ ታነባለች።

እዚህ ላይ መምህራን የምንጠቀምባት ዘዴ አለች። ቃሉ በተነባቢ ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ሲ፣ አር፣ ኤፍ እና ኤል ናቸው። «ኬርፉል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ያሉት አራቱ ተነባቢዎች ማለት ነው። እንደ «ፓርሌ» ያሉት በኢ-አር የሚያልቁ ግሶች ግን ያፈነግጣሉ፣ አሯ ትዋጣለች።

ዝም ያለው ሆሄ ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ቀጥሎ አናባቢ ከመጣ ብዙ ጊዜ ይነቃል። በጣም የምወዳት ምሳሌ ይቺ ናት፦ «ኢል ሶን» ማለት «እነሱ ናቸው» ነው። «ኢል ዞን» ማለት «እነሱ አላቸው» ነው። ስ እና ዝ። ዝዋ የመጣችው ዝም ብላ ከነበረችው የ«እነሱ» ኤስ ነው። ልጅቷ ይቺን ለይታ ከሰማች ጆሮዋ ተከፍቷል።

አሁን ወደ ሰዋስው። እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ነው፤ የሐበሻ ልጆች ሀብታቸውን ሳያውቁት ሲቸገሩ ሳይ ያናድደኛል።

«አልገባኝም» የሚለውን ይመልከቱ። ፊት ለፊት «አል»፣ ኋላ «ም»፣ ግሱ መሐል። ፈረንሳይኛም በትክክል እንደዚያ ነው የሚያደርገው፦ ፊት «ነ»፣ ኋላ «ፓ»፣ ግሱ መሐል። «ዠ ነ ኮምፕራን ፓ» ማለት አልገባኝም ማለት ነው። አሜሪካዊው ልጅ ለምን ሁለት ቦታ ይከለክላል እያለ ይገረማል፤ ኋላ ያለችውን «ፓ» ይረሳል። ልጅዎ «አልበላ» ብላ ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለች? አትጨርስም። እንደዚያ ብለው ይንገሯት፤ «ፓ» ማለት የእኛ «ም» ናት።

ስምሽ ማነው ስትባል ፈረንሳይኛ «ዠ ማፔል» ይላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ራሴን እጠራለሁ» ብሎ ይተረጉመውና ልጁ ግራ ይጋባል። አማርኛ ግን «እባላለሁ» የሚል ቃል አለው። አለቀ። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሙሉ የግስ ወገን አለ። እኛ «አጠበ» ካልን በኋላ ሰውየው የራሱን ገላ ከሆነ «ታጠበ» እንላለን። «አነሳ» እና «ተነሳ» እንላለን። ያቺን «ተ» ፈረንሳይኛ «ሰ» ይላታል፦ «ላቬ» ማጠብ፣ «ሰ ላቬ» መታጠብ፤ «ለቬ» ማንሳት፣ «ሰ ለቬ» መነሳት። የጠዋት ፕሮግራም የሚባለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ (ተነሳሁ፣ ታጠብኩ፣ ለበስኩ) ክፍሉ ሁሉ ሲንተፋተፍ እሷ ቀድማ ትሄዳለች።

«አየዋለሁ» ስንል የሚታየው ሰው ግሱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ፈረንሳይኛም ከግሱ አያርቀውም፤ ከፊቱ ይለጥፈዋል፦ «ዠ ለ ቯ»። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ኋላ ወስዶ ያስቀምጠዋል።

«አንተ» እና «እርስዎ» ላይ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። እኔ ራሴ አሁን «እርስዎ» እያልኩ ነው የምጽፍልዎ። ለአሜሪካ ልጅ «ቩ» የሚለውን የአክብሮት ቃል መቼ እንደሚል ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እጨርሳለሁ። ልጅዎ አንድ ደቂቃ ይበቃታል፦ «ቩ» ማለት እርስዎም እናንተም ነው። አንድ ነገር ግን ያስደነግጣታል። ፈረንሳይ አገር ልጅ ለመምህሩ «ቩ» ይላል፤ ለአያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንቺ ነው የሚለው። አዎ፣ አያቱን። ስንሰማው ጸጉራችን ይቆማል፣ እዚያ ግን ፍቅር ነው።

ጾታ ላይ ነው አማርኛው የሚከዳት። እኛ ልባችን እንዳለው ነው። ቤቱ ስናሳንሰው ወይም ስንወደው «ቤቷ» ይሆናል። ፀሐይ ወጣች እንላለን፤ ፈረንሳዩ ፀሐይን «ለ ሶሌይ» ብሎ ወንድ ያደርጋታል። ጨረቃ ላይ እንስማማለን፣ «ላ ሉን» ሴት ናት። ማሰብ አያዋጣም። ጠረጴዛ ለምን ሴት ሆነች ብሎ መጠየቅም አያዋጣም። ቃሉን ከነ «ለ» ወይም ከነ «ላ» አንድ ቃል አድርጎ መሸምደድ ነው። «ታብል» ብላ አትያዝ፤ «ላ ታብል» ብላ ትያዝ። የወንዱን በሰማያዊ፣ የሴቱን በቀይ እስክሪብቶ ብትጽፍ ፈተና ላይ ቀለሙ ትዝ ይላታል። ጭራውም ይረዳል፦ በ«ሲዮን» የሚያልቁ እንደ «ናሲዮን» ያሉት ሴት ናቸው። በ«አዥ» የሚያልቁት ብዙዎቹ ወንድ ናቸው፣ «ለ ጋራዥ» እንደሚባለው። «ፓዥ»፣ «ፕላዥ» እና «ኢማዥ»፣ ገጽ፣ የባሕር ዳርቻና ምስል፣ ያፈነገጡ ሴቶች ናቸው።

ዕድሜዋን ስትናገር ደግሞ ትጠንቀቅ። «14 ነኝ» የሚለው የእንግሊዝኛ መንገድ ነው፤ ፈረንሳይኛ «14 ዓመት አለኝ» ይላል፣ «ዤ ካቶርዝ አን»። መራብም «ረሃብ አለኝ» ነው። ይህን በየፈተናው ያወጡታል። ቁጥሩስ? እስከ 69 ሰላም ነው። 70 «ስልሳ አሥር» ነው። 80 «አራት ሃያ» ነው። 97 «አራት ሃያ አሥራ ሰባት»፣ «ካትር ቫን ዲሴት»። ቤልጅየሞችና ስዊሶች ለ70 «ሴፕታንት»፣ ለ90 «ኖናንት» ብለው ተገላግለዋል። ክፍል ውስጥ ግን የፓሪሱን ነው የሚጠይቋት። ስልክ ቁጥርዎን ጥንድ ጥንድ አድርጋ በፈረንሳይኛ ትንገርዎት፤ እነሱም እንደዚያ ነው የሚናገሩት።

መምህሩ በእንግሊዝኛ አያስረዳም ያሉት ነገር ንቀት ወይም ስንፍና አይደለም። አክትፍል የሚባለው የአሜሪካ የውጭ ቋንቋ ማስተማሪያ ምክር ቤት በ2010 ከክፍል ጊዜው 90 ከመቶው ወይም ከዚያ በላይ በሚማሩት ቋንቋ ይሁን የሚል አቋም አውጥቷል። ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ይከተላል። በእጅ እያሳየ፣ ሥዕል እየሰቀለ፣ ፊቱን እያጨማደደ ነው የሚያስተምረው። ለልጅዎ ደግሞ ይህ ፍትሕ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ሁሉም ይቀድሟት ይሆናል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም እኩል ደንቆሮ ነው። እንዲያውም እሷ ትሻላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይገባትን ቋንቋ በሰው ፊትና እጅ ስትገምት ኖራለች። አሜሪካዊው ጓደኛዋ ይህን ችሎታ ገና መማሩ ነው።

አራት ዓረፍተ ነገር ግን በቃሏ ትያዝ፤ አንገቷን ደፍታ ዝም እንዳትል። «ዠ ነ ኮምፕራን ፓ» አልኩ። «ሬፔቴ፣ ሲል ቩ ፕሌ» እባክዎ ይድገሙት። «ኮማን ዲቶን ሳ አን ፍራንሴ?» ይህ በፈረንሳይኛ ምን ይባላል። አራተኛዋ የመጸዳጃ ቤቷ ናት፣ «ፑዊ ዥ አሌ ኦ ትዋሌት?» ክፍሌ ውስጥ ሁሉም መጀመሪያ የሚያውቃት እሷን ነው።

እንግሊዝኛዋ ይምታታል ብለው ለሰጉት፦ ለአጭር ጊዜ ቃል ይቀላቀልባት ይሆናል። ግን ነገሩን ከሌላው ወገን ይዩት። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይኛ ቃላት እንግሊዝኛ ውስጥ ገብተዋል። ብዙዎቹ ገበያ ላይ የምትሰማቸው ቃላት አይደሉም፤ የመማሪያ መጽሐፍ ቃላት ናቸው። ሳይንስና ታሪክ ፈተናዋ ላይ «ኮምፔር»፣ «ኦብዘርቭ»፣ «ጀስቲፋይ» የሚሏት ሁሉ ፈረንሳይኛ ክፍል ውስጥ «ኮምፓሬ»፣ «ኦብሴርቬ»፣ «ዢስቲፍዬ» ሆነው ይጠብቋታል። ለእሷ የሚከብዳት እንግሊዝኛ ደግሞ የሰፈሩ ሳይሆን ይሄኛው ነው። አሳሳች ቃላትም አሉ። «ኮሌዥ» ፈረንሳይ አገር ኮሌጅ አይደለም፤ ከሃይስኩል በፊት ያለው ትምህርት ቤት ነው። «ሊብሬሪ» ላይብረሪ አይደለም፣ መጻሕፍት መሸጫ ነው። እነዚህን ለብቻ አንድ ገጽ ላይ ትሰብስብ።

ቤት ውስጥ እርስዎ ምን ያድርጉ? ፈረንሳይኛ ስለማይችሉ ምንም አይበሉ። በቀን 15 ደቂቃ ይስጧት፤ እሑድ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ካርድ ትሥራ፦ በአንድ ገጽ ፈረንሳይኛው፣ በሌላው ሥዕል ወይም አማርኛው። እንግሊዝኛ ካርዱ ላይ አይጻፍ። እርስዎ አማርኛውን ያንብቡላት፣ እሷ ፈረንሳይኛውን ትበል፤ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡት ጽሑፉን እያዩ ሳይሆን መጽሐፉ ጋር ያለውን ድምፅ በማሰማት ነው። ያወቀችው ካርድ ወደ ኋላ ሳጥን ይሂድ፣ ያላወቀችው ነገ ይመለስ። ከዚያ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ታርም።

የትርጉም አፕ ግን የቤት ሥራ ላይ አይንካ። እኛ መምህራን እናውቃለን። የሦስት ወር ተማሪ በልቦለድ ብቻ የሚገኝ ኃላፊ ጊዜ ጽፎ ሲያመጣ ወዲያው ነው የምናየው፤ ዜሮ ነው። በስልክ ጨዋታ እያስመሰሉ የሚያስተምሩት አፖች አይጎዱም፣ ግን ቀኑን መቁጠር እንጂ መናገር አያስለምዱም። ቲቪ5 ሞንድ ከሚባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ድረ ገጽ የጀማሪዎቹን አጫጭር ቪዲዮ ትይ፣ ነፃ ነው። አርኤፍኢ የሚባለውን የፈረንሳይ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚነገር ዜና ብዙ ሰው ይመክራል፤ «ቀላል» የተባለው ለፈረንሳይ ነው። ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ትስማው።

የዲፕሎማውን ነገር ካውንስለሯ በደንብ ያላስረዳችዎት መስሎኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ አድቫንስድ ስተዲስ ለሚባለው ከፍ ያለ የሃይስኩል ዲፕሎማ የአንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት ወይም የሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ይጠየቃል። አንዳንድ የትምህርት ዲስትሪክቶች ተማሪው በሚችለው ቋንቋ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ተፈትኖ ክሬዲት እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። የእናንተው ይፈቅድ እንደሆነ ነገውኑ ይጠይቁ። ከፈቀደ የዚህ ፈረንሳይኛ ሸክም ይቀላል። ግን ያን ስላገኘች ፈረንሳይኛውን ትተው አልልም።

ከአንድ ዓመት ምን መጠበቅ እንዳለብዎትም ልንገርዎት። በቨርጂኒያ አንድ ክሬዲት፣ የአንድ ዓመት ትምህርት ማለት ነው፣ 140 ሰዓት ነው። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ትምህርት ቤት ለፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ያህል ሙሉ ቀን ይመድባል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ፈረንሳይኛ ትናገራለች ብለው አይጠብቁ። ስለራሷ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለምትወደው ምግብ አምስት ዓረፍተ ነገር ካለች ጥሩ ተማሪ ናት። በነገራችን ላይ ያው ትምህርት ቤት ለአማርኛ የሚመድበው 44 ሳምንት ነው። ከባዱን እናቷ ጋር ተምራ ጨርሳለች ማለት ነው። ይህን ይንገሯት፣ 61 ባመጣች ማግስት መስማት ያለባት ነገር ነው።

እናትዎን ስላነሱልኝ ደስ ብሎኛል። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚያ ሐዲድ ስንት ቃል እንደገባ! ለገሃር ማለት ፈረንሳዩ «ላ ጋር» ብሎ ባቡር ጣቢያውን የጠራበት ነው። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ፔንሲዮን፣ ሳሎን ያለው ፎቴ፣ አልጋ አጠገብ ያለው አባዦራ፣ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ደግሞ ከነስሙ ነው። በምኒልክ ዘመን ስዊሱን አልፍሬድ ኢልግን ሰው «ሙሴ ኢልግ» ነበር የሚለው፤ ነቢዩ ሙሴ አይደለም፣ የፈረንሳይኛው «መስዬ» ነው። የልጅዎ የመጀመሪያ የቃላት ገጽ እነዚህ ይሁኑ። መምህሩ እንኳ ይገረማል።

እሑድ ስትደውሉ ስልኩን ለልጅቷ ይስጧትና ከአያቷ ጋር በፈረንሳይኛ እስከ ሃያ አብረው ይቁጠሩ። እናትዎ ከፈረንሳይ ሰው አፍ ሳይሆን ከድሬዳዋ ጎረቤት አፍ የሰሙት ይሆናል፣ «ር»ንም ያሽከረክሩት ይሆናል። ልጅቷ እንዳታርማቸው። እሷም ለአያቷ በፈረንሳይኛ ስታወራ፣ ፈረንሳዮቹ ምንም ቢሉ፣ «ቩ» ትበላቸው።